የቱቦው ልብስ

ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሥራው የተሠራው ግን እሁድ ጠዋት ነበር። ከማነሳው ነገር ሁሉ ለመናገር የሚከብደኝ ይኸኛው ስለሆነ አስቀድሜ ልገላገለው።

“የፋብሪካው ሠራተኞች በራሳቸው ተነሳሽነት ትናንት ባካሄዱት የሥራ ዘመቻ...” ይላል መግቢያው። በዚያን ዘመን ለመንግሥት ጋዜጣ የሚሠራ ሰው ይህን ዓይኑን ጨፍኖ መጻፍ ይችል ነበር። የሰኞው ጋዜጣ እሁድ ቶሎ ስለሚዘጋ መግቢያውን ቅዳሜ በታይፕ መትተን እናስቀምጣለን፤ እሁድ ከቦታው ስንመለስ ቁጥሩንና የተናጋሪውን ቃል ብቻ እንጨምርበታለን። ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም ነበር። እኔማ በጥንቃቄዬ የምታወቅ ሰው ነኝ። የማስታወሻ ደብተሬ ገጾች ቁጥርና ቀን አላቸው፤ ስምና ማዕረግ ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ አልጽፍም፤ በጻፍኩት ላይ አንድም ቀን ማረሚያ ወጥቶ አያውቅም።

ፋብሪካው ነፋስ ስልክ ነው። ሳሙና ይሠራል። ያሠሩት የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ፣ ባለቤቶቹ ሄዱ፣ ሕንፃው ቀረ። ቤቴ መካኒሳ አቦ አካባቢ ስለነበር በበሩ ሳላልፍ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሞራ የሚፈላበት ቀን ሽታው ልብሴ ላይ ተጣብቆ ቢሮ ድረስ ይከተለኝ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ምርት ዕቅድ ጽፌ ስወጣ አንድ የቦይለር ቤት ሠራተኛ በሩ ላይ አስቆመኝ። ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጣል፤ ቱታው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። ቤተሰቦቹ ጀሞ የቆዩ ገበሬዎች ናቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ጀሞ ያኔ ማሳ ነበር፤ እሱም በየጠዋቱ ማሳውን አቋርጦ በእግሩ ነበር የሚመጣው።

“ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው አንተ ነህ?”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው አንድ ጥያቄ አለኝ። መልሱን አላስቸግርህም፤ ጥያቄውን ብቻ አውጣልኝ። ቱቦው የለበሰው ነገር በማን ስም ነው?”

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ይዞኝ ገባ። እንፋሎት የሚያስተላልፉት ቱቦዎች ከቦይለሩ ተነስተው በጣሪያው ሥር እስከ ማፍያ ጋኖቹ ይዘረጋሉ። ሙቀት እንዳይባክን ነጭ፣ ጸጉራም፣ እንደ ጥጥ የመሰለ ነገር በወፍራሙ ተጠቅልሎባቸዋል። ሠራተኞቹ “ልብስ” ይሉታል። ልብሱ አርጅቶ በየቦታው ተቀዷል፤ የተንጠለጠለው ጭረት ማሽን በተነሳ ቁጥር ይርገፈገፋል፤ ከሥሩ የተቀመጠው የምሳ ሳህን ሁሉ ነጭ ይለብሳል።

“ያሠለጠነኝ ፈረንጅ መካኒክ” አለኝ፣ “ይህን ልብስ ስንነካ መጀመሪያ በውኃ ያርሰዋል። አፋችንን በእርጥብ ጨርቅ ያሳስረናል። እዚያ ሥራ የሌለውን ሰው ከቦይለር ቤቱ ያስወጣል። ለምን ስንለው ደረቱን መታ መታ አድርጎ ‘እንደ ምስጥ ይበላል’ አለን። እሱ ሄደ። አሁን የሚያርሰውም፣ አርሱ የሚልም የለም።”

“አቧራ እኮ የትም ፋብሪካ አለ፣ ጋሼ።”

“እኔ እብቅ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እብቅ ያስነጥስሃል፣ ያሳክክሃል፣ ታጥበህ ትረሳዋለህ። ይኼኛው ይገባል እንጂ አይወጣም።”

ጥያቄው ደስ አለኝ። የሠራተኛ አዋጁ አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት መጠበቅ እንዳለበት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ቀሪው አሠሪውን ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ትሑት ወጣት መሐንዲስ ነበር። ጥያቄውን ስነግረው አልተቆጣም። ከቁም ሳጥን ወፍራም መዝገብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ፋብሪካው ሲወረስ የተደረገው ርክክብ ነው። የዚያን ዘመን ሰው ርክክብ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ኃላፊ ሲለወጥ ሁሉም ነገር ተቆጥሮ ይጻፋል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። ወረቀቱ ላይ ያለ ሲኒ ቢጠፋ ትጠየቅበታለህ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ዝሆን በሩ ላይ ቆሞ ብታይ ግን ያንተ አይደለም።

“ይኸው፣ ጓድ” አለኝ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እየነዳ። “ቦይለር ሁለት። የብረት ቱቦ፣ በሜትር። ቫልቭ፣ በቁጥር። የግድግዳ ሰዓት አንድ፣ የማይሠራ። ልብስ የሚል የታል?”

“የለም። ግን ቱቦው ላይ ነው ያለው።”

“እኔ የፈረምኩት በቱቦው ነው። ያልተረከብኩትን አላስረክብም። በእጄ የሌለውን እንዴት ልጠብቅ?”

“አዋጁ አሠሪው ይጠብቅ ይላል።”

“አሠሪው ማነው? እኔ እንዳንተው ደመወዝተኛ ነኝ። የበላያችንን ኮርፖሬሽን ጠይቅ።”

ኮርፖሬሽኑን ጠየቅኩ፤ ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ፋብሪካው ነው አሉ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱን ጠየቅኩ፤ በጽሑፍ ይቅረብ አሉ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ከት ብሎ ሳቀ። “ፋብሪካው እኮ የሰፊው ሕዝብ ነው! አሠሪው እኛው ነን። ምን ልታደርገን ነው? እኛን ከእኛ ጋር ልታካስሰን?”

አላቆምኩም። ላቦራቶሪ የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው ነገሩ አስቤስቶስ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ቢሯችን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ኢንሳይክሎፒዲያውን አወጣሁ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር፣ ጉዳቱም ከብዙ ዓመት በኋላ እንደሚታይ ይላል። በደብተሬ ገለበጥኩት። ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

የጎደለኝ የዚህ ቱቦ ልብስ ያው ነገር መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ነበር።

“ጋሼ፣ ማስረጃ ያስፈልገኛል” አልኩት።

በማግስቱ አንድ ጭብጥ ልብስ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጋዜጣው የእኛው ነበር። “ይኸው ማስረጃ።”

“ይኼ ማስረጃ አይደለም፤ ናሙና ነው። ለምርመራ እልከዋለሁ።”

መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። አልላክሁትም። ረስቼው አይደለም፤ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየው ነበር። ውጤቱ መጥቶ እውነት ቢሆን መጻፍ ይኖርብኛል፣ ብጽፈው ደግሞ ማን ያወጣዋል እያልኩ ነገ ከነገ ወዲያ ስል ቆየሁ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር፣ የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ ፋብሪካውን ልዑካን ሊጎበኙ ነው ተባለ። የተቀዳደደው ልብስ ለዓይን አያምርም። ተገፍፎ ይወርዳል፤ ቱቦዎቹም ቀይ ቀለም ይቀባሉ። ዘገባው ለእኔ ተመደበ፣ እኔም ቅዳሜ መግቢያዬን መታሁ።

እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እንደ ልማዴ ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ ገጽ አሥራ አራት ነው። “የጥገናና የቦይለር ክፍል ሠራተኞች በሙሉ እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሥራ ቦታችሁ እንድትገኙ። በሚቀር ሠራተኛ ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ ይወሰዳል።” የሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማኅተም አለበት። ገልብጬ ስጨርስ በኪሴ ያለው መግቢያ ትዝ አለኝ። “በራሳቸው ተነሳሽነት።” ደብተሬን ዘግቼ ገባሁ።

ልብሱን በደረቁ፣ በዱላና በገጀራ እየደበደቡ ይገፍፉታል። ቤቱ ጭጋግ ሆኗል። መሬት የወደቀውን በአካፋ እየዛቁ ወደ ጆንያ ያስገቡታል። ሳቁ ግን ሞቅ ያለ ነበር።

“ጋሼ፣ ዛሬስ ሸበትክ!”

“ሽበትማ ሚስት ላላገኘው ላንተ ነው የሚያስፈራው።”

“ምን ዋጋ አለው፣ ወፍጮ ቤት ገብተን ያለ ዱቄት ልንወጣ ነው!”

የጥያቄው ባለቤት ብቻ አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አስሯል። ካፖው፣ ማለትም የቡድኑ አለቃ፣ “እንደ ሙሽራ ተከናነብክ እኮ! ሚዜህ ማነው?” እያለ ያሾፍበታል። እሱ በባልዲ ውኃ እያመጣ የራሱን ክፍል እያራሰ ይገፍፋል። ከሁሉም ወደ ኋላ ቀርቷል።

አብሮኝ የመጣው ፎቶ አንሺያችን እሱን መሰላል ላይ እንዳለ ሊያነሳው አነጣጠረና ካሜራውን ዝቅ አደረገ። “ፊቱ አይታይም” አለኝ።

“ጋሼ” አልኩ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ “ጨርቁን ለአንድ ደቂቃ አውርደው።”

ከመሰላሉ ላይ ተመለከተኝ። የሚያውቀኝ ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ አወረደው። አራት ጊዜ ተነሳ። ሲጨርስ ጨርቁ ከእጁ አምልጦ ነጩ ብናኝ ላይ ወደቀ። አላነሳውም። ፎቶው ሰኞ በመጀመሪያው ገጽ ወጣ፤ ቅንድቡ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ አፉ በትንሹ ተከፍቶ። የእሱ ጥያቄ ግን በዘገባው ውስጥ አልነበረም።

በዓሉ አለፈ። ቀዩ ቱቦ የሠራተኛውን ክንድ እያቃጠለ፣ ነዳጅም እያባከነ አስቸገረ። ስለዚህ በጆንያ የተቀመጠው ልብስ ከጀሶ ጋር በእጅ ተቦክቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን አልዘገብኩም።

ስድስት ዓመት ያህል አለፈ። በመንገድ ስንገናኝ ጋሼ ሰላምታ አላቋረጠብኝም፤ አንዴ ብቻ “ናሙናው ገና አልተመረመረም?” አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ። ትንፋሽ እያጠረው መሆኑን ያየሁት ሽቅብ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ነቀርሳ ነው ተብሎ ለወራት መርፌ ተወጋ። በኋላ አንድ ሐኪም ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ ሲያየው ቆይቶ፣ “ምን ሥራ ነው የምትሠራው?” ብሎ ጠየቀው። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሐኪም አልነበረም። በሥራ ላይ ከተሳበ ብናኝ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ወረቀት ጻፈለት።

በዚያ ወረቀት የሥራ ክርክር ወደሚታይበት ቢሮ አመለከተ። ሁለት ነገር ነው የጠየቀው። አንደኛው ሕመሙ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ እንዲመዘገብለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቱቦው ልብስ በንብረት መዝገብ ገብቶ ኃላፊ እንዲሰየምለት። እኔን ለምስክርነት ሊጠራ ቤቴ ድረስ የመጣ ጊዜ፣ “አንደኛው ቢቀር ይቅር” አለኝ። “የእኔ ሳንባ አንድ ነው። ቦይለር ቤት ውስጥ ገና አሥራ አንድ ሰው አለ። ኃላፊ ካለው ቢያንስ በውኃ ያርሰዋል።”

ለአለቃዬ ነገርኩት። “ጋዜጣው የጻፈውን ጋዜጠኛው አያፈርስም” አለኝ። “የተጠየቅከውን ብቻ መልስ።”

የፋብሪካው ነገረ ፈጅ ጎበዝ ሰው ነበር። ከሳሹ በዘወትር ሥራው ልብሱን እንደማይገፍፍ፣ ብናኙ በብዛት የተነሳው በዚያ እሁድ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያ ከፋይሉ ውስጥ የእኔን ዘገባ፣ በእርሳስ የተሰመረበትን፣ አወጣ። “ይህ የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ሠራተኞቹ በራሳቸው ተነሳሽነት፣ በዕረፍት ቀናቸው እንደሠሩት ይመሰክራል። አሠሪው ያላዘዘው ሥራ ነው። ያልታዘዘ ሥራ የሥራ ላይ ጉዳት አያመጣም። ልብሱንም በሚመለከት ፋብሪካው አልተረከበውም።”

ክርክሩን የሚሰማው ጉባኤ ሰብሳቢ መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። ረጋ ያሉ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ።

“ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“ሠራተኞቹ ተገደው ሲሠሩ በዓይንዎ አይተዋል?”

ደብተሩ በኮቴ የውስጥ ኪስ ነበር። ገጽ አሥራ አራትን ጠዋት ቤቴ ሆኜ አንብቤዋለሁ። የተጠየቅኩት ግን ስለ ሰሌዳው አይደለም። ዱላ ይዞ የሚያስገድዳቸው ሰው አላየሁም። ሲስቁ ነው ያየሁት።

“በዓይኔ አላየሁም።”

ጸሐፊው ጻፈው። ሰብሳቢው ወዲያው አላሰናበቱኝም። “ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ?” አሉኝ። ይህን የጠየቁት ከልባቸው ነበር። እሱ ከተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ትንፋሹ ይሰማል።

“የለኝም።”

ዘመኑ ክፉ ነበር ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፤ ክፉም ነበር። ነገር ግን በእውነት መናገር ካለብኝ፣ አንድ የቆየ ማስታወቂያ በማንበቤ ማንም አያስረኝም ነበር። ቢበዛ አለቃዬ ያኮርፈኝ ነበር። ያቆመኝ ማረሚያ ወጥቶበት የማያውቅ ስሜ ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎቹ ውድቅ ሆኑ። ከሳምንት በኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። እንደማይሰድበኝ ስላወቅኩ ቢሰድበኝ ብዬ ተመኘሁ።

“ጎበዝ ነህ” አለኝ። “አንዲት ቃል አልዋሸህም።”

“ጋሼ...”

“ዋሽተህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውሸታምማ ይጋለጣል።” አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ጊዜ አርፎ ደረጃዋን ወጣ።

በዓመቱ ፋብሪካውን መልቀቁን ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ገጽ አሥራ አራትን ከደብተሬ በምላጭ ቆርጬ ወደ ፋብሪካው አስተዳደር ክፍል የሄድኩት። ከተጠየቅኩት በላይ አንድ ነገር ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የእሱን ፋይል አወጣች። የመጨረሻው ደብዳቤ “በገዛ ፈቃዱ ሥራውን በመልቀቁ” ይላል።

“ይህችን አንድ ወረቀት አስገቢልኝ” አልኳት። “ሌላ ቀን የሚያየው ቢኖር።”

ወረቀቷን አነበበች። ከዚያ የፋይሉን ገጾች እየገለበጠች ቆጠረች። “ወንድሜ፣ ይኼን ፋይል ሠላሳ አንድ ገጽ ብዬ ነው የተረከብኩት። ሠላሳ ሁለት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።” አዝናልኛለች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ወረቀቷን መልሳ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ወደ ጀሞ በእግሬ ሄድኩ። የአውድማ ወቅት ነበር። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ የወንድሙ ልጆች በመንሽ ጭዱን ሽቅብ ይበትናሉ። እሱ ነፋሱ በማይደርስበት በኩል፣ ከሁሉም ርቆ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እብቅ ውስጥ ያደገ ሰው እብቅ ሸሽቶ። ቆሜ ሳየው ቆየሁና ወረቀቷን ሰጠሁት።

ቀስ ብሎ አነበባት። “ማኅተሙንም ጽፈኸዋል” አለ።

“አዎ።”

“ያኔም ኪስህ ውስጥ ነበረች?”

“ነበረች።”

ትንፋሹን አሰባስቦ፣ “ለመዝገብ ቤት ሰጠሃት?” አለኝ።

“አልቀበልም አለችኝ። ርክክቡ ላይ የለችም።”

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ አንዱ የወንድሙ ልጅ መንሹን ጥሎ ውኃ ይዞ መጣ። ጠጥቶ ሲያበቃ ወረቀቷን አጥፎ ወደ እኔ ዘረጋት።

“እኔ ምን አደርጋታለሁ? አንተ ዘንድ ትቀመጥ። ግን እንዲሁ አትወስዳትም፤ እስክሪብቶ አለህ አይደል? ፈርመህ ተረከብ።”

እየቀለደ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከታች “ተረክቤያለሁ” ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። እሱም ከጎኑ “አስረካቢ” ብሎ ፈረመ። ቀኑን ማን ይጻፍ ስንባባል ነፋሱ ዞረና እብቁ ወደ እኛ መጣ። ክንዱን ይዤ አነሳሁት፣ ሌላ ቦታ ፈለግንለት። ቀኑ ሳይጻፍ ቀረ። ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ቀን የሌለው ያ ርክክብ ብቻ ነው።